ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ምንድን ነው?

አራት ኪሎ አካባቢ ካሉ ካፌዎች አንዱ ገብታችሁ ሻይ እዘዙ። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃው የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጨዋታ ይዟችሁ ከቆያችሁ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ ወደ ብርጭቆው፣ ወደ ጠረጴዛውና ወደ አየሩ ይሄዳል። የቀዘቀዘ ሻይ ከአየሩ ሙቀት ሰብስቦ መልሶ ሲግል ግን ያየ ሰው የለም።

ለምን? ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው «ኃይል አይፈጠርም፣ አይጠፋም» የሚለው የቴርሞዳይናሚክስ (የሙቀትና የኃይል ሳይንስ) የመጀመሪያው ሕግ ነው። እሱ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። አየሩ 1000 ጁል (የኃይል መለኪያ ነው) አጥቶ ሻዩ 1000 ጁል ቢያገኝ ሂሳቡ እኩል ይመጣል። አቅጣጫውን የሚወስነው ሁለተኛው ሕግ ነው። ሩዶልፍ ክላውዚየስ የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1850 ባሳተመው ጥናት ላይ የቆመው ሐሳብ ይህ ነው፦ ሙቀት በራሱ ከቀዝቃዛ ወደ ሞቃት አይሄድም።

በ1865 ደግሞ ኢንትሮፒ የሚባለውን መለኪያ ሰየመ። ለእኔ የሕጉ ውበት ያለው እዚህ ጋ ነው። የኢንትሮፒን ለውጥ ለማግኘት የተላለፈውን ሙቀት በኬልቪን ለተለካው የሙቀት መጠን ማካፈል ብቻ ነው። ሻዩ 350 ኬልቪን (77 ዲግሪ)፣ አየሩ 293 ኬልቪን (20 ዲግሪ) ይሁን። 1000 ጁል ሲወጣ የሻዩ ኢንትሮፒ በ2.86 ይቀንሳል። ያው 1000 ጁል አየሩ ውስጥ ሲገባ የአየሩን በ3.41 ይጨምራል። በድምሩ ጭማሪ አለ። አቅጣጫውን ገልብጡትና ድምሩ ቅናሽ ይሆናል። ሕጉ የሚከለክለው ይህንን ቅናሽ ነው።

ከሥሩ ያለውን ምክንያት ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ሉድቪግ ቦልትዝማን በ1877 በቁጥር አስቀመጠው። ኃይል በብዙ ሞለኪውሎች ላይ ተበትኖ የሚቀመጥባቸው መንገዶች፣ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ከሚቀመጥባቸው እጅግ ይበዛሉ። ሻዩ በራሱ መሞቁ በሂሳብ ዜሮ ባይሆንም የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

ፍሪጅስ? ከቀዝቃዛው ውስጡ ሙቀት አውጥቶ ወደ ሞቃቱ ክፍል ይወስድ የለ? ይወስዳል፣ ግን በራሱ አይደለም። ኮምፕረሰሩ በኤሌክትሪክ ይሠራል። ጁስ ቤት ከገባችሁ ከፍሪጁ ጀርባ እጃችሁን ጠጋ አድርጉ፤ ይሞቃል። የሚወጣው ሙቀት ከውስጥ የተወሰደው ሲደመር የተበላው ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ፍሪጅ ከፍቶ መተው ቤቱን ያሞቀዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሙቀቱ ከክፍሉ ወደ ውስጥ መግባት ይጀምራል። ያኔ በሩን አለመክፈት ነው፤ በተከፈተ ቁጥር ሞቃት አየር ይገባል፣ ሥጋውና ወተቱም ቶሎ ይበላሻል።