የዩኒቨርሲቲ ሪፖዚተሪና የዳውንሎድ ቁጥሩ፦ ማን አወረደው፣ ከየት፣ ለምን?

ማስተርስ የተማረ ሰው ሁሉ ያቺን ቀን ያውቃታል። ዲፈንስ አልፎ፣ እርማቱን አስገብቶ፣ አድቫይዘሩን አስፈርሞ፣ የተጠረዘውን ሃርድ ኮፒ ከነሲዲው ላይብረሪ አስረክቦ ክሊራንሱን ይጨርሳል፣ ቴሲሱም መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ሁለት ዓመት የለፋበትን ሥራ ማን እንዳነበበው፣ ኧረ ጭራሽ የነካው ሰው ይኑር አይኑር ሚነግረው የለም። ሪፖዚተሪ ሚባለው ነገር ይሄን ቀይሮታል፣ ቴሲሱም ዲሰርቴሽኑም የመምህራኑ አርቲክልም በፒዲኤፍ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፣ የፈለገ ሰው ካለበት ሆኖ በነጻ ያወርደዋል፣ ባወረደ ቁጥር ደግሞ ሲስተሙ ይመዘግባል። የዳውንሎድ ስታቲስቲክስ የምንለው ይሄን መዝገብ ነው፣ በኔ እምነት ደግሞ አንድ ላይብረሪ እጁ ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ በጣም ሳይጠቀምበት የቀረው ሀብት እሱ ነው።

የሪፖዚተሪ ሶፍትዌሮቹ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ኢፕሪንትስን በ2000 አወጣ፣ አሜሪካ ኤምአይቲ ከሂውሌት ፓካርድ ጋር ሆኖ ዲስፔስን በ2002 ለቀቀ፣ ሁለቱም በነጻ ሚገኙ ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴሲስና ዲሰርቴሽን ሪፖዚተሪ በዲስፔስ ነው ሚሠራው። በ2019 ደግሞ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ የኦፕን አክሰስ (ምርምር ለሁሉም በነጻ ክፍት ይሁን ሚል) ፖሊሲ አወጣ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ናድሬ በሚባለው ብሔራዊ ሪፖዚተሪ ውስጥ እንዲገባ ሚያዝ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ስለዚህ ማስቀመጡ ላይ ሕጉም ሶፍትዌሩም አለ፣ የተቀመጠው ተነበበ ወይ ሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ቆጠራው። ዲስፔስ ላይ አንድ ቴሲስ ከፍታችሁ ስታቲስቲክስ ሚለውን ስትነኩ አጠቃላይ የታየበት ብዛት፣ በየወሩ የታየበት፣ ፋይሉ የወረደበት፣ ከዛ በብዛት የታየባቸው አገሮችና ከተሞች ይመጣላችኋል። ከጀርባ ሶለር ሚባል ዳታቤዝ አለ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ከነሰዓቱ፣ ከነአይፒ አድራሻው (የተጠቀመበት የኢንተርኔት መስመር መለያ ቁጥር)፣ ሰውየው ከየት ሊንክ እንደመጣ ጭምር ይዞ ያስቀምጣል። እዚህ ጋ መጀመሪያ መለየት ያለበት ቪው እና ዳውንሎድ አንድ አለመሆናቸው ነው፣ ቪው ማለት አብስትራክቱ ያለበትን ገጽ መክፈት ነው፣ ዳውንሎድ ግን ፋይሉን ራሱን መውሰድ። ሪፖርት ላይ ሁለቱን ደምሮ ሚያቀርብ ሰው አጋጥሞኛል፣ እባካችሁ አትደምሩ።

ብዙ ቦታ ሚሠራ ሌላ ስህተት አለ። ሪፖዚተሪው ላይ ጉግል አናሊቲክስ (የድረ ገጽ ጎብኚ ሚቆጥር አገልግሎት) ይገጠምና ቁጥሩ ከዛ ብቻ ይወሰዳል። ጉግል አናሊቲክስ ሚቆጥረው ገጹ ላይ ያለችው ትንሽ ኮድ ስትሠራ ነው፣ አብዛኛው ተማሪ ግን በገጹ በኩል አይገባም፣ ጉግል ስኮላር ላይ ይፈልግና በስተቀኝ ያለችውን የፒዲኤፍ ሊንክ ነክቶ ፋይሉን ቀጥታ ያወርዳል፣ ፒዲኤፍ ውስጥ ደግሞ ያቺ ኮድ የለችም። ስለዚህ ከፍተኛው የንባብ መንገድ ጭራሽ አይቆጠርም ማለት ነው። አሜሪካ የሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይሄን ጉድለት አጥንተው ራምፕ ሚባል አገልግሎት አቋቁመዋል፣ ከጉግል ሰርች ኮንሶል (ሰው በጉግል ምን ፈልጎ እንደመጣ ለድረ ገጹ ባለቤት ሚያሳይ መሣሪያ) ዳታ እየወሰደ ከጉግል ፍለጋ ቀጥታ ፋይሉ ላይ የተደረገውን ክሊክ ሚያሳይ።

በሌላ በኩል የሰርቨሩን ሎግ (የመጣለት ጥያቄ ሁሉ ሚመዘገብበትን ፋይል) እንዳለ የወሰደ ሰው ተቃራኒው ይገጥመዋል፣ ቁጥሩ ያብጣል። የሎግ ፋይል ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ያለውን ከፍታችሁ እዩት፣ አንድ አድራሻ በአንድ ሰከንድ ውስጥ አስር አስራ አምስት ፋይል ይጠይቃል፣ ከባዮሎጂ ወደ ሕግ፣ ከሕግ ወደ እንስሳት ሕክምና፣ ተራ በተራ፣ ሳያርፍ። ይሄ ሰው አይደለም፣ ቦት ነው፣ በራሱ ድረ ገጽ እየዞረ ፋይል ሚለቅም ፕሮግራም። የጉግል ቦት ጨዋ ነው ስሙን ይናገራል፣ እሱን ከዝርዝር ማውጣት ይቻላል። አሁን አሁን ግን ለኤአይ ማሠልጠኛ ጽሑፍ ሚለቅሙት ቦቶች ሰው መስለው፣ አድራሻ እየቀያየሩ ነው ሚመጡት፣ በ2025 ኮአር ሚባለው ዓለም አቀፍ የሪፖዚተሪዎች ኅብረት አባላቱን ጠይቆ ከመለሱት ከ90 በመቶ በላይ በእንደዚህ ዓይነት ቦት እንደሚቸገሩ አሳውቋል፣ አንዳንዱ ጋ ሰርቨር እስከመጣል ይደርሳል። ባለፈው ወር ዳውንሎዳችን በአስር እጥፍ አደገ ብሎ ከመደሰት በፊት ሎጉን ማየት ያስፈልጋል።

ለዚህ ነው ካውንተር ሚባለው ደንብ የወጣው። የመጀመሪያው በ2003 የወጣ ሲሆን አምስተኛው እትም ከ2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ ይቁጠር። የታወቁ ቦቶች ዝርዝር አለ፣ እነሱ አይቆጠሩም። አንድ ሰው አንድን ፋይል በ30 ሰከንድ ውስጥ ሁለቴ ከነካ አንድ ተብሎ ይያዛል፣ ኔትወርክ ሲዘገይ ደጋግመን ምንነካው ነገር ማለት ነው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። እንግሊዝ ውስጥ ጂስክ የተባለው ድርጅት አይረስ በሚባል አገልግሎት የብዙ ዩኒቨርሲቲዎችን ዳታ በዚህ ደንብ አጥርቶ ስለሚያወጣ አንዱን ከሌላው ማወዳደር ይቻላል። እኛ ጋ እያንዳንዱ ሪፖዚተሪ በራሱ መንገድ ስለሚቆጥር የሁለት ዩኒቨርሲቲ ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ እገሌ በለጠ ማለት ገና ትክክል አይሆንም።

የኛን አገር ቁጥር ስናነብ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ካምፓስ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ሚወጣው በጥቂት አይፒ አድራሻዎች ነው፣ መምህሩ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ለአርባ ተማሪ ይሄን ቴሲስ ክፈቱ ቢላቸው ማሽኖቹም ብራውዘሩም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ቆጠራው እንደ አንድ ሰው ሊያያቸው ይችላል። ቪፒኤን ሚጠቀም ደግሞ ጎንደር ተቀምጦ ካናዳ ወይ ኔዘርላንድስ ሆኖ ይመዘገባል፣ በሞባይል ዳታ የገባውም ሐዋሳ ሆኖ አዲስ አበባ ሊባል ይችላል። ከሁሉም በላይ ግን ቴሌግራም አለ። አንዱ ተማሪ ያወርዳል፣ የባቹ ግሩፕ ላይ ይለጥፋል፣ ከዛ ወደ ሌላ ቻናል ፎርዋርድ ይደረጋል፣ ስንት ሰው እንዳነበበው ሪፖዚተሪው አያውቅም፣ እሱ ሚያውቀው ያችን የመጀመሪያዋን አንድ ዳውንሎድ ነው። ፋይሉን ሳይሆን ሊንኩን ላኩ እያልኩ ምወተውተው ለዚህ ነው፣ በዛ ላይ ሊንኩን የተከተለ ሰው ሌላም ሥራ ያገኛል።

ቁጥሩ ከጸዳ በኋላ ግን ብዙ ይናገራል፣ በተለይ ስላልተነበቡት። ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ ያልወረዱትን አውጥታችሁ ብታዩ ሥራው ደካማ ሆኖ አይደለም፣ አብዛኛው ሊገኝ ስላልቻለ ነው። በአማርኛ የተጻፉትን ውሰዱ፣ የሥነ ጽሑፍ፣ የፎክሎር፣ የቋንቋ ትምህርት ቴሲሶችን። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ደንብ እትም 3.0 ውስጥ በ1999 ገብቷል፣ ነገር ግን ከዛም በኋላ ለብዙ ዓመት ሰው ሚተይበው በቆየው የፓወር ግእዝና የቪዥዋል ግእዝ ፎንት ነበር። እነዛ ፎንቶች የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ነው ያስቀመጡት፣ ዓይን አማርኛ ያያል፣ ኮምፒውተሩ ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች። ከእንደዚህ ዓይነት ፒዲኤፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት፣ ጉግል ሚያየው ያንን ነው። ስካን የተደረጉትም ያው፣ ፎቶ ናቸው። ተሰራክት ሚባለው ነጻ ኦሲአር (ከፎቶ ላይ ጽሑፍ ሚያወጣ ፕሮግራም) አማርኛ ያነባል፣ ስህተት አያጣውም ግን ከምንም ይሻላል፣ እሱም ካልተቻለ ቢያንስ ርዕሱንና አብስትራክቱን በዩኒኮድ አማርኛም በእንግሊዝኛም እንደገና ተይቦ ሜታዳታው (ስለ ሥራው ሚገልጸው መረጃ) ላይ ማስገባት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ስምም አለ። ሲስተሙ የቤተሰብ ስም ስጠኝ ይላል፣ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የራስ ስምና የአባት ስም ነው ያለን። አንዱ ላይብረሪያን የአባቱን ስም አስቀድሞ በኮማ ይለያል፣ ሌላው እንደወረደ ያስገባል፣ ሦስተኛው ጸሐይን በቲኤስ ሚጻፈውን በኤስ ብቻ ይጽፈዋል፣ መጨረሻ ላይ አንድ መምህር ሦስት ሰው ሆኖ ዳውንሎዱም ሦስት ቦታ ተቆርጦ ይቀመጣል። ኦርኪድ ቁጥር (ለእያንዳንዱ ተመራማሪ ሚሰጥ የራሱ መለያ) ማስገባት ለዚህ መፍትሔ ነው። ርዕስ ላይ ደግሞ በሰርች ኮንሶል ሰው ምን ቃል ጽፎ እንደመጣ ይታያል፣ የኛ ቴሲስ ግማሹ ርዕሱ አሰስመንት ኦፍ ብሎ ጀምሮ ዘ ኬዝ ኦፍ ብሎ ስለሚጨርስ ፈላጊው ሚጽፈው ቃል ውስጡ አይገኝም። ርዕስ መቀየር አይቻልም፣ የቁልፍ ቃላት ቦታው ግን ክፍት ነው፣ የወረዳውን ስም፣ የሰብሉን የአገር ውስጥ መጠሪያ፣ ጤፍ ከሆነ ጤፍ ብሎ በፊደልም በላቲንም ማስገባት ይቻላል።

ለማስተዋወቅ ደግሞ ሚሠራው ነገር ቁጥሩን ለባለቤቱ መስጠት ነው። ቢፕሬስ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ዲጂታል ኮመንስ በሚለው ሲስተሙ በየወሩ ለእያንዳንዱ ደራሲ ሥራህ ይሄን ያህል ጊዜ ወረደ ብሎ ኢሜል ይልካል። ዲስፔስ ላይም ከስታቲስቲክሱ አውጥቶ በሴሚስተር አንዴ አጭር መልእክት መላክ ይቻላል፣ ብዙም አይከብድም። መምህራን ሥራቸውን እንዲያስገቡ ደብዳቤ ስንጽፍ ሚመልስ ጥቂት ነው፣ የራሱን ቁጥር ያየ ሰው ግን ስልክ ደውሎ ሌላም አለኝ ላምጣ ወይ ይላል። ለዲኑም ለፕሬዝዳንቱም ቢሮ ጠቅላላ ድምር ብቻ አትላኩ፣ በዲፓርትመንት፣ በአገርና በወር ከፋፍላችሁ አንድ ገጽ አድርጉት።

ይሰረቅብኛል ሚለው ስጋት ሁሌ ይነሳል፣ እኔም አልንቀውም። ግን መደርደሪያ ላይ ያለ ሥራ ቢገለበጥ ማንም አይደርስበትም፣ ኦንላይን ያለው ከነቀኑ ስለተመዘገበ ቀድሞ የጻፈው ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ፓተንት ወይ አርቲክል ሚጠብቅ ካለ ደግሞ ኢምባርጎ አስገብቶ ፋይሉን ለጊዜው መዝጋት ይቻላል። ዳውንሎድን የጥራት ማረጋገጫ ማድረግ ግን ስህተት ነው። የአካውንቲንግ ቴሲስ ብዙ ቢወርድ ብዙ የአካውንቲንግ ተማሪ ስላለ ነው፣ ስለ አንድ ትንሽ ቋንቋ ሰዋስው የተጻፈ ዲሰርቴሽን በዓመት ሃያ ሰው ቢያወርደው ምናልባት ዓለም ላይ ያሉት የመስኩ ሰዎች በሙሉ አነበቡት ማለት ነው። ለመምህር እድገት መስፈርት ከተደረገማ ቁጥሩ በማግስቱ ይበላሻል።

ለአይሲቲ ክፍል ደግሞ አንድ አደራ። ዲስፔስን ከአምስት ወደ ስድስት ወይም ሰባት ስታሳድጉ ፋይሎቹን ብቻ አታሻግሩ፣ ከስድስት ጀምሮ የእያንዳንዱ ሥራ መለያ ከተራ ቁጥር ወደ ረጅም ኮድ ስለተቀየረ የድሮው የሶለር ስታቲስቲክስ ለብቻው ኤክስፖርት ተደርጎ መለያው ካልተቀየረ የዓመታት ቁጥር ከሥራዎቹ ጋር አይገናኝም። ሊንኩም እንደዛው ነው፣ ሃንድል (አድራሻ ቢቀየርም ሥራው ሚገኝበት ቋሚ መለያ) ሳይመዘገብ 123456789 ሚለው የሶፍትዌሩ መነሻ ቁጥር ላይ እንዳለ የቀረ ሪፖዚተሪ ብዙ ነው፣ አድራሻው በተቀየረ ቀን ሰው ማጣቀሻው ላይ የጻፈው ሊንክ ሁሉ ይሞታል፣ ከሊንኩ ሚመጣው አንባቢም አብሮ ይቀራል። ማሻሻሉን ከመጀመራችሁ በፊት ባክአፑን ሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ ከፍታችሁ ሞክሩት፣ አንድ የምታውቁትን ቴሲስ መርጣችሁ የድሮውን ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉና አዲሱ ላይ ያው መሆኑን አረጋግጡ።