ኤርብ ደ ፕሮቫንስ ምንድን ነው?

ኤርብ ደ ፕሮቫንስ የደረቁ ቅጠላ ቅጠሎች ድብልቅ ነው። አለቀ። ፕሮቫንስ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ያለ፣ ማርሴይና አቪኞን የሚገኙበት፣ ፀሐይና ጭንጫ መሬት የማያጣ አገር ነው። ድብልቁ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገቡት ታይም፣ ሮዝመሪ፣ ኦሬጋኖ እና ሳቮሪ ናቸው። ባሲል ወይም ማርጆራም የሚጨምርም አለ። ዶሮ ላይ፣ በግ ላይ፣ ድንች ላይ ይነሰነሳል። የፈረንሳይ ምግብ አሠራር ቪዲዮ የሚያይ ሰው «አንድ ማንኪያ ኤርብ ደ ፕሮቫንስ» ሲባል ሳይሰማ አይቀርም፤ ከዚያ ሱቅ ይሄድና የብልቃጧን ዋጋ አይቶ ይመለሳል።

ቤት መሥራት ይቻላል። እንዲያውም የሱቁን ከመግዛት ቤት መሥራቱ ይሻላል ባይ ነኝ። ለምን እንደምል ለመረዳት ስሙ እንዴት እንደተስፋፋ ማየት ይጠቅማል።

ብዙ ሰው ድብልቁን ከአያት ለልጅ ልጅ ሲወርድ የመጣ ጥንታዊ ቀመር ያደርገዋል። አይደለም። የፕሮቫንስ ሰው ታይሙንም ሮዝመሪውንም ከጥንት ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ ግን የሚጠቀምባቸው ለየብቻ ነበር፣ ለዚያ ቀን ምግብ የሚሆነውን ቀጥፎ። ጋሪግ የሚሉት ቁጥቋጦ የለበሰ የኖራ ድንጋይ መሬት አላቸው፤ እዚያ ላይ ታይምና ሮዝመሪ ማንም ሳይተክላቸው ይበቅላሉ። አንድ ላይ ቀላቅሎ፣ አንድ ስም ለጥፎ በብልቃጥ መሸጡ ግን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በሰፊው ያስለመዱት የቅመም ነጋዴዎች ናቸው፣ ያውም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ።

ስሙ ደግሞ በሕግ የተጠበቀ አይደለም። የትም የበቀለ ቅጠል በፈለጉት መጠን ቀላቅሎ «ኤርብ ደ ፕሮቫንስ» ብሎ መሸጥ ይቻላል። እዚያው ፈረንሳይ ውስጥ በዚህ ስም ከሚሸጠው ብዙው ከምሥራቅ አውሮፓና ከሰሜን አፍሪካ የገባ ቅጠል ነው። ቱሪስት በሚበዛባቸው ገበያዎች ሲካዳ የተባለው ነፍሳት ሥዕል ያለበት ቆንጆ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ አድርገው ይሸጡታል። ለፎቶ ያምራል፤ ጨርቅ ግን ሽታ አይዝም፣ ቤት እስኪደርስ ግማሹ በአየር ሄዷል።

የፕሮቫንስ አምራቾች ለዚህ መልስ ያሉት ላቤል ሩዥ የተባለውን የፈረንሳይ መንግሥት የጥራት ምልክት ማግኘት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ተፈቀደላቸው። በዚህ ምልክት የሚሸጠው ድብልቅ መጠኑ የተቆረጠ ነው፦ ሮዝመሪ 26 በመቶ፣ ሳቮሪ 26 በመቶ፣ ኦሬጋኖ 26 በመቶ፣ ታይም 19 በመቶ፣ ባሲል 3 በመቶ። ባሲሉ ለምልክት ያህል ብቻ እንደሆነ ልብ በሉ።

ላቬንደርስ? የለበትም። ላቬንደር የገባው በተለይ ለአሜሪካ ገበያ በሚዘጋጁት ላይ ነው፤ ፕሮቫንስ ሲባል ለውጭ ሰው ቶሎ የሚታወሰው ያ ሐምራዊ የላቬንደር እርሻ ስለሆነ። ቁንጥር ቢሆን ግድ የለም፣ የሚወደው ይወደዋል። ትንሽ ካለፈ ግን ዶሮው ሳሙና ሳሙና ይላል። እኔ አላስገባውም።

አሁን ወደ እኛ ጓዳ። ከአምስቱ ሁለቱን ያለ ችግር ታገኛላችሁ። ሮዝመሪ ማለት ሥጋ ስንጠብስ ጣል የምናደርገው የጥብስ ቅጠል ነው፤ በየግቢው አለ። ባሲል የበሶብላ ወገን ነው፤ የእኛው ሽታው ለየትና ጠንከር ስለሚል መጠኑን አሳንሱ። ታይም ካጣችሁ ጦስኝ አለላችሁ። ጦስኝ የታይም ዘመድ ነው፤ በባሌና በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚበቅል የራሳችን ዝርያ፣ ሻይ ውስጥ የምናውቀው። ከፈረንሳዩ ጋር አንድ ነው አልልም፣ ግን ሥራውን ይሠራል። ኦሬጋኖ ለፒዛ ተብሎ ስለሚሸጥ ደርቆ ይገኛል።

አስቸጋሪው ሳቮሪ ነው። ፈረንሳዮች ሳርዬት ይሉታል። ጣዕሙ በታይምና በቁንዶ በርበሬ መካከል ያለ፣ ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርግ ነው፤ የአካባቢው ሰው የፍየል አይብ ላይ ያደርገዋል። ውጭ አገር ያላችሁ ከቅመም ሱቅ ወይም ከኦንላይን ታገኙታላችሁ። ካልተገኘ ታይሙን ከፍ አድርጋችሁ፣ ምግቡን ስትሠሩ ቁንዶ በርበሬ በላዩ መፍጨት ነው። ያው አይሆንም፣ ግን ይቀርባል።

ዋናው ሥራ ማድረቁ ላይ ነው። ፀሐይ ላይ አታስጡ። ፀሐይ ቀለሙንም ሽታውንም ይወስደዋል፤ ቅጠሉን የምንፈልገው ደግሞ ውስጡ ላለው ዘይት ነው። ጥላ፣ ንፋስ፣ ደረቅ ቦታ። ሮዝመሪና ታይም ከነግንዳቸው በትንንሽ እስር ታስረው ተዘቅዝቀው ቢሰቀሉ በራሳቸው ይደርቃሉ። በሶብላ ወይም ባሲል እንደዚያ አይሆንለትም፤ ቅጠሉ ውሃ ስለሚበዛበት ታፍኖ ይጠቁራል። ስለዚህ አንድ በአንድ ተቀንጥሶ፣ ሳይደራረብ፣ ወንፊት ወይም ንጹሕ ጨርቅ ላይ ይዘርጋ። ክረምት ላይ አትሞክሩት፣ ቤቱ ራሱ እርጥብ ነው፤ ከጥቅምት ወዲህ ባለው ደረቅ አየር ግን ግፋ ቢል ሁለት ሳምንት ነው። የቸኮለ ሰው ኦቨኑን የመጨረሻ ዝቅተኛው ላይ አድርጎ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ማድረቅ ይችላል። የቅጠሉ ሽታ ቤቱን ካወደው ሙቀቱ በዝቷል ማለት ነው፣ ለምግቡ የታሰበው አየሩ ላይ እየቀረ ነው።

መድረቁን የሚነግራችሁ ግንዱ ነው። እጠፉት። ከተለመጠ ገና ነው፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ብርጭቆ ብልቃጥ ውስጥ ከትታችሁ በማግስቱ ውስጡን እዩት፤ ጤዛ የመሰለ ነገር ግድግዳው ላይ ካያችሁ አውጥታችሁ ዘርጉት፣ አለዚያ ይሻግታል።

አንድ ላይ ማድረቅ የለም። እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ ነው የሚደርቀው፤ መቀላቀል የመጨረሻው ሥራ ነው። የእኔ መጠን በሾርባ ማንኪያ፦ ታይም ሁለት፣ ኦሬጋኖ ሁለት፣ ሳቮሪ ሁለት፣ ሮዝመሪ አንድ፣ ባሲል ግማሽ። ሮዝመሪውን ከላቤል ሩዡ ያሳነስኩት በምክንያት ነው። ቤት የደረቀ ሮዝመሪ እንደ መርፌ ነው፣ ድድ ይወጋል፣ ጣዕሙም ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ለብቻው ሙቀጫ ውስጥ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርጉትና ከዚያ ቀላቅሉ። ሌላውን አትፍጩት። እንደ በርበሬ ዱቄት ካደረጋችሁት ሽታው ቶሎ ይጠፋል፤ እንዳለ ይቀመጥና ምግቡ ላይ ሊጨመር ሲል በመዳፍ መካከል ይታሽ።

ብልቃጡ ክዳኑ ጥብቅ ያለ፣ ብርሃን ከማያገኘው ቦታ፣ ምድጃው አጠገብ ሳይሆን። ስድስት ወር ድረስ ጥሩ ነው። ዓመት ከሞላው መዳፋችሁ ላይ አሽታችሁ አሽትቱት፤ ደረቅ ሣር ደረቅ ሣር ካለ በቃው።

አጠቃቀሙ ላይ ሰው የሚሳሳተው መጨረሻ ላይ ሲነሰንሰው ነው። ደረቅ ቅጠል ጊዜ ይፈልጋል፣ ዘይትም ይፈልጋል፤ ሽታው የሚወጣው ስብ ውስጥ ነው። ለአንድ ሙሉ ዶሮ ሁለት የሻይ ማንኪያ ድብልቅ ከወይራ ዘይት፣ ከጨውና ከተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት ጋር ለውሳችሁ ቀብታችሁ ለአንድ ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ ኦቨን። በግም እንደዚሁ። የጋለ ደረቅ መጥበሻ ላይ ግን አትበትኑት፣ ወዲያው ያርና ይመራል። በጾም ቀን ደግሞ የኒስ ከተማ ሰዎች ራታቱይ የሚሉት አለ፤ ደበርጃን፣ ዙኩኒ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት በወይራ ዘይት ቀስ ብሎ የበሰለ። ምንም ሳይቀየር የጾም ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሽንኩርቱ ጋር ገና ሲጀመር ይግባ።

የምግብ አሠራሩ ላይ የተጻፈው «ፊን ዜርብ» ከሆነ ግን ይህን ብልቃጥ አትንኩ። እሱ ፓርስሊ፣ ቻይቭስ፣ ታራጎንና ሰርፎይ የሚባሉ ለስላሳ እርጥብ ቅጠሎች ተከትፈው ኦምሌት ላይ መጨረሻ የሚደረጉበት ሌላ ነገር ነው፤ ደረቅ ታይምና ሮዝመሪ ለስላሳ እንቁላል ውስጥ ጭድ ነው የሚሆነው።