«ማስታገሻ በሽታውን ይደብቃል» እና ሌሎች አምቡላንስ ላይ የምንሰማቸው ነገሮች

አሜሪካ ዲሲ ዙሪያ አምቡላንስ ላይ ነው የምሰራው፣ ሰፈሩ ሀበሻ በሀበሻ ነው። ሀበሻ ቤት ስንጠራ ሁሉም ነገር ጥሩ ይሄድና ህመም ማስታገሻ ላይ ስንደርስ ነገር ይበላሻል። ቤተሰቡ «አይ ቆይ መጀመሪያ ሆስፒታል ይድረስ» ይላል፣ የታመመው ሰውዬ ደግሞ ጥርሱን ነክሶ ዝም። ሁሌ ለምሰማቸው ነገሮች እስኪ አንድ በአንድ መልስ ልስጥ።

«ሀኪም ሳያየው ማስታገሻ ከወሰደ በሽታው ይደበቃል»

ይሄ ከሁሉም የባሰው ነው፣ ግን ከሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም። ድሮ ሀኪሞች ራሳቸው ያስተምሩት ነበር፣ በተለይ የሆድ ህመም ላይ ሰርጀኑ በእጁ እስኪያየው ድረስ ሞርፊን እንዳትሰጡት ይባል ነበር። ያኔ አልትራሳውንድ የለ ሲቲ ስካን የለ፣ ሰርጀኑ ያለው እጁና አይኑ ነው፣ ስለዚ ፍርሀቱ ይገባኛል። በኋላ ግን ነገሩ ተፈተነ፣ ማስታገሻ የተሰጣቸውና ያልተሰጣቸው የሆድ ህመምተኞች ተነጻጸሩ፣ ኮክሬን የሚባለው ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ግምገማ ማስታገሻው የምርመራ ስህተት እንደማይጨምር ጻፈ። እንደውም ትንሽ የቀለለው ሰው ሆዱን ዘና አርጎ ያስነካል፣ ትርፍ አንጀቱ ላይ ችግር ካለ ደግሞ ቦታው ሲነካ አሁንም ያመዋል፣ የትም አይሄድም።

ስብራት ላይ ሲሉኝማ ጭራሽ አይገባኝም፣ እግሩ ተጣሞ እየታየ ምኑ ነው የሚደበቀው?

«ካልጮኸ አላመመውም»

ይሄኛው የኛም የባለሙያዎቹም ጥፋት ነው። አንድ ጊዜ መታጠቢያ ቤት ወድቀው የተጠራንላቸው እናት ነበሩ፣ አንድ እግራቸው አጠር ብሎ ወደ ውጪ ዞሯል፣ ዳሌያቸው እንደተሰበረ ገና ከበር ያስታውቃል። ባልደረባዬ ከ0 እስከ 10 ህመሙ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ፣ ልጃቸው አስተረጎመች፣ እሳቸው «ደህና ነኝ በይው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን እነሱን አደከምሻቸው» አሉ። እሱ ዜሮ ብሎ ሊጽፍ ነው እኮ! እጃቸውን ሳየው የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው ጣታቸው ነጭ ሆኗል። ጎንበስ ብዬ «እማማ፣ ከምጥ ጋር ሲያስተያዩት እንዴት ነው?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «አይ ልጄ፣ ምጥስ ያልፋል» አሉኝ። በቃ፣ ወደ አልጋው ከማንሳታችን በፊት ፌንታኒል የሚባል ጠንካራ ማስታገሻ ሰጠናቸው፣ ምክንያቱም የተሰበረ ዳሌ ከሁሉ የሚብሰው ሰው ሲያነሳው ነው፣ መድሀኒቱ ቀድሞ ካልገባ ደረጃ ላይ ስትወርድ ነው መከራው።

እዚህ አገር ደግሞ ሌላም ጣጣ አለ። ኦሪገን ስቴት ውስጥ የአምቡላንስ መዝገቦችን ያየና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ጥቁር ታካሚዎች ከነጮቹ ያነሰ ማስታገሻ እንደሚሰጣቸው አሳይቷል። እና በዛ ላይ «ደህና ነኝ» ካልን ማን ይሰጠናል? ቁጥር ካልገባችሁ «መተንፈስ አቃተኝ»፣ «እንቅልፍ ከለከለኝ»፣ «መንቀሳቀስ አልችልም» በሉ፣ በአማርኛም ቢሆን። በስልክ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፣ ልጅ የናቱን ህመም ሲያስተረጉም ብዙ ጊዜ ያለዝባል።

«ፌንታኒል?! የሚገለው እኮ ነው!»

ዜና ላይ የምትሰሙት መንገድ ላይ የሚሸጠው ነው፣ በድብቅ ተሰርቶ ውስጡ ስንት እንዳለ ሻጩም የማያውቀው። መድሀኒቱ ራሱ ግን ፖል ጃንሰን የሚባል ቤልጂየማዊ ሀኪም እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ የሰራው ነው፣ ከዛ ወዲህ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ሲሰራበት ኖሯል። እኛ ጋ ቁልፍ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ የተረፈችው ጠብታ ሳትቀር ሌላ ሰው አይቶ ፈርሞ ነው የምትደፋው። የምንሰጠው በማይክሮግራም ነው፣ በግምት ለአንድ ኪሎ ክብደት አንድ ማይክሮግራም፣ ለሽማግሌ ደግሞ ከዛ ቀንሰን። በደም ስር ከገባ በአንድ ሁለት ደቂቃ ይሰራል። አተነፋፈሱን ኦክስጅኑን ፕሬዠሩን እያየን ነው፣ ትንፋሽ ቢቀንስ ማርከሻው ናሎክሶን እዛው አጠገባችን አለ።

ፕሬዠሩ የወረደ ሰው ከሆነ ብዙ ጊዜ ኬታሚን ይመረጣል። አገር ቤት ኦፕሬሽን የሆናችሁ ኬታሚንን ታውቁት ይሆናል፣ በተለይ ክፍለ ሀገር ለማደንዘዣ በብዛት የሚሰሩበት ነው። ለህመም የሚሰጠው ዶዝ ከዛ በጣም ያነሰ ነው፣ ግን አንዳንዱን ሰው ትንሽ ያስቀባጥረዋል፣ አባታችሁ ድንገት ጣራው ላይ ሰው አየሁ ቢሉ አትደንግጡ ያልፋል።

«አንዴ ከቀመሰው ሱስ ይይዘዋል»

አምቡላንስ ውስጥ ለስብራት የተሰጠ አንድ ሁለት ዶዝ ሱሰኛ አያደርግም። አሳሳቢው ወደ ቤት የሚሰጠውና ለረጅም ጊዜ የሚወሰደው ክኒን ነው። ቀድሞ ሱስ የነበረበት ሰው ካለ ግን ንገሩን፣ ሱስ የማያስይዙ፣ በደም ስር የሚሰጡ ፓራሲታሞልም ኬቶሮላክም አሉ፣ እሱም እኮ ያመዋል፣ ሱስ ነበረበት ተብሎ በስቃይ አይቀጣም።

«ለህጻን አይሰጥም»

ይሰጣል። መርፌ እንኳን ሳያስፈልግ በአፍንጫ የሚረጭ ፌንታኒል አለ፣ ሲሪንጁ ጫፍ ላይ ትንሽ ነገር ተገጥማ መድሀኒቱን እንደ ጉም ትበትነዋለች። ልጁ የሚያለቅሰው ስለፈራ ብቻ ነው የሚል ወላጅ ይገርመኛል፣ ክንዱ ተሰብሮ እኮ ነው።

«እነሱ እስኪመጡ እኛው እናስታግሰው»

እዚህ ላይ ብዙ ጉድ አይቻለሁ። ቃጠሎ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል። ተዉት እባካችሁ፣ በረዶም አይደለም፣ ቀዝቀዝ ያለ የቧንቧ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ይፍሰስበት፣ ውሃው ራሱ ማስታገሻ ነው። ስብራትና ውልቃት ላይ ደግሞ ማሸትና መጎተት የለም። አገር ቤት ወጌሻ ጋ ተወስዶ ከልክ በላይ በጥብቅ ታስሮ ደም መሄድ አቁሞ እግሩ የተቆረጠ ሰው አለ፣ ይሄ ሀኪሞች ደጋግመው የሚጽፉት ነገር ነው።

ክኒን የወሰደ ካለ ምን እንደሆነና ስንት ሰአት እንደሆነ ይነገረን፣ ፓራሲታሞልም ቢሆን። እና ወንዶች፣ ለደረት ህመም ምላስ ስር የሚደረግ ናይትሮግሊሰሪን የሚባል አለ፣ ቪያግራ ከወሰዳችሁ 24 ሰአት፣ ሲያሊስ ከሆነ 48 ሰአት ሳይሞላ ከተሰጣችሁ ፕሬዠሩ ዘጭ ይላል። ሚስት አጠገብ ቆማለች ብሎ የሚዋሽ አይጠፋም፣ በጆሮዬ ንገሩኝ፣ ለማንም አልናገርም።

«አምቡላንስ ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኢኤምቲ (መሰረታዊ ስልጠና ያለው የአምቡላንስ ሰራተኛ) ብቻ የመጣበት መኪና ፌንታኒል አይሰጥም፣ ፓራሜዲክ (ከሱ በላይ የሰለጠነው) ያስፈልጋል። እንግሊዝ ብትሆኑ ናይትረስ ኦክሳይድና ኦክስጅን ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለበት ጋዝ ራሳችሁ ይዛችሁ ትስባላችሁ፣ አውስትራሊያ ደግሞ አረንጓዴ ፊሽካ የምትመስል ነገር ይሰጧችኋል፣ ውስጧ ሜቶክሲፍሉሬን የሚባል የሚሳብ ማስታገሻ አለ። አዲስ አበባ 907 ብላችሁ ቀይ መስቀልን ስትጠሩ ወይም ጠብታ የሚባለውን የግል አምቡላንስ ድርጅት ስትጠሩ (መስራቹ አቶ ክብረት አበበ ራሱ የሰመመን ባለሙያ ነበር) መኪናው ላይ ማን እንዳለና ምን እንደያዘ ጠይቁ። መድሀኒት ባይኖር እንኳን የተሰበረውን እግር ወይም እጅ ደግፎ ሳይንቀሳቀስ ማሰር ህመሙን በደንብ ይቀንሰዋል፣ እሱን እንዲሰሩለት ጠይቁ።

«አምቡላንስ ላይ ከወሰደ ሆስፒታል አይጨምሩለትም»

ይጨምራሉ። ፌንታኒል ቶሎ እንደሚሰራው ቶሎ ነው የሚያልቀው፣ ከግማሽ ሰአት እስከ አንድ ሰአት ቢቆይ ነው፣ ኢመርጀንሲ ኮሪደር ላይ ወረፋ ጠብቃችሁ ሳትታዩ ሊለቅ ይችላል። ስንት እንደሰጠንና ስንት ሰአት ላይ እንደሰጠን ጽፈን ነው የምናስረክበው፣ ስለዚ ሲመለስባችሁ ነርሷን ጥሯት፣ ለመጠየቅ እንደገና 10 እስኪደርስ አትጠብቁ።