አርኤንኤው በዛ ማለት ፕሮቲኑ በዛ ማለት ነው?

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካፌ ቁጭ ብለው ላፕቶፕ ላይ ያፈጠጡ ተመራማሪ ተማሪዎችን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ቲሲጂኤ የተባለው የአሜሪካ የካንሰር መረጃ ቋት ብዙ ነገሩ ክፍት ነው። ጥሬው የዲኤንኤ ንባብ ግን የታካሚን ማንነት ሊያጋልጥ ስለሚችል ያለ ፈቃድ አይገኝም።

ችግሩ ሌላ ጋ ነው። «የጂን አገላለጽ» የሚለው ፋይል የሚለካው አርኤንኤን ነው፤ ፕሮቲኑን አይደለም። አርኤንኤ አስተናጋጁ የጻፈው ትእዛዝ ነው፤ ፕሮቲኑ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የቀረበው ምግብ።

ቤታ-ካቴኒን የተባለውን ፕሮቲን እዩት። በትልቁ አንጀት ካንሰር ኤፒሲ የተባለው ጂን ብዙ ጊዜ ይበላሻል። ያኔ ቤታ-ካቴኒን ፕሮቲኑ መፍረሱን ትቶ ይከማቻል፣ አርኤንኤው ግን ያን ያህል ላይጨምር ይችላል። አርኤንኤውን ብቻ ያየ ሰው ዋናውን ተዋናይ ዘሎት ያልፋል። ስለዚህ የካንሰር ናሙናዎችን ፕሮቲን በቀጥታ የለካውን፣ ሲፒታክ የተባለውን የአሜሪካ ፕሮጀክት መረጃም አብራችሁ ክፈቱ፤ እሱም በነፃ ይገኛል።