የበረራ ርቀትና የበረራ ሰዓት ምንድን ነው? ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ

ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ ብታሰምሩ፣ መስመሩ ቻድን፣ ኒጀርንና ማሊን አቋርጦ አትላንቲክ ይገባል። አጭሩ መንገድ ግን እሱ አይደለም። የበረራ ርቀት የሚባለው በድቡልቡሏ ምድር ገጽ ላይ ሁለት አየር ማረፊያዎችን የሚያገናኘው አጭሩ መንገድ ነው፤ የሙያው ሰዎች «ግሬት ሰርክል» ይሉታል። ሉል ላይ ክር ወጥራችሁ ሞክሩት፦ ክሩ ከቦሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣና በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ፣ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል ያልፋል። ርዝመቱ ወደ 11,550 ኪሎ ሜትር ነው። በማስመሪያው መንገድ ቢኬድ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምር ነበር።

ይኸው ርቀት አንዱ ጋ 7,180 ማይል፣ ሌላው ጋ 6,240 ተብሎ ቢገኝ አይግረማችሁ፤ ሁለተኛው በባሕር ማይል ነው፤ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር።

ሰዓቱን ለማስላት ርቀቱን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት፣ ለ900 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ማካፈል 13 ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ችግሩ ነፋሱ ነው። በሰሜን አትላንቲክ ከፍታ ላይ ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። በአማካይ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው ብንል፣ ወደ አሜሪካ ሲኬድ ፍጥነቱ 820 ይሆንና 14 ሰዓት ይፈጃል፤ ሲመለስ 980 ይሆንና ከ12 ሰዓት በታች ይወርዳል። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከሚነቀልበት እስከሚቆምበት ስለሚቆጠር ግማሽ ሰዓት ያህል ጨምሩበት።

ሲኬድ መንገድ ላይ ማረፍ፣ ሲመለስ በቀጥታ መምጣት የተለመደውም ያለ ምክንያት አይደለም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በሳሳ አየር የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ሙሉ ተሳፋሪና ሙሉ ነዳጅ ይዞ ከቦሌ መነሳት ይከብዳል፤ በዚያ ላይ የፊት ነፋስ አለ። ነዳጅ ለመሙላት ደብሊን (አየርላንድ) ሲታረፍ የነበረው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ በደብሊን ዞሮ መሄድ የሚጨምረው 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጊዜ የሚበላው መሬት ላይ መቆሙ ነው።

ከትኬቱ የጉዞውን ርዝመት ለማወቅ የሰዓት ልዩነቱን ያዙ፦ ዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ናት። ለምሳሌ በሐምሌ፣ በትኬቱ አቆጣጠር ከዋሽንግተን 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:30 ቦሌ የሚደርስ በረራ በሰዓት መቁጠሪያው 20 ሰዓት ከ30 ይመስላል፤ 7 ሲቀነስ 13 ሰዓት ከ30 ነው። ከቦሌ ሲኬድ ግን ልዩነቱ ይደመራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ በሚነሳ በረራ ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ካለ በእኛ አቆጣጠር ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሰኞ ከሌሊቱ 6:30 ማለት ነው። ከበረራው 3 ሰዓት ቀድሞ ለመገኘት ሰኞ ማታ 3:30 ቦሌ መድረስ ያስፈልጋል። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን እየገፋ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ጥቂት ሰዓት ቀርቶታል።