«ረን አውት ኦፍ» ምንድን ነው?

«ስኳር አለቀብኝ» የምንለውን እንግሊዝኛ «አይ ራን አውት ኦፍ ሹገር» ይለዋል። ሲጠቀሙበት የቆዩት ነገር ተሟጦ ማለቁን ይናገራል። ትርጉሙ ማንንም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው። በአማርኛ ያለቀው ስኳሩ ስለሆነ ባለቤቱ እሱ ነው፣ ሰውየው «ብኝ» ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል። በእንግሊዝኛው ሰውየው ከፊት ይመጣል፣ ስኳሩ ከ«ኦፍ» በኋላ ይከተላል። አማርኛውን እንዳለ የገለበጠ ተማሪ «ሹገር ራን አውት ኦፍ ሚ» ይላል፤ ሰሚው ስኳር ከሰውየው ውስጥ እየፈሰሰ የወጣ ይመስለዋል።

ስኳሩን ባለቤት ማድረግም ይቻላል። ያን ጊዜ «ኦፍ» ይወጣል፦ «ዘ ሹገር ራን አውት»። እዚህ ላይ ማን ላይ እንዳለቀ አልተነገረም። ሰው ባለቤት ሆኖም «ኦፍ» የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ወተት አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ «ኖ፣ ዊቭ ረን አውት» ማለት ይበቃል፣ ስለ ምን እንደሚወራ ይታወቃላ። ያለቀው ነገር ስሙ ከተጠራ ግን «ኦፍ»ን መተው ስሕተት ነው። ብዙ ሰው የሚጥለው በጆሮው ስለማይሰማው ይመስለኛል፤ በፈጣን ንግግር «አውት ኦፍ» ተጣብቆ «አውታቭ» ይሆናል፣ በአሜሪካኖች አፍ ደግሞ «አውዳቭ» ወደሚል ይጠጋል።

ግሡ በሦስቱ ቅርጾች ረን፣ ራን፣ ረን ነው። ሦስተኛው ወደ መጀመሪያው ስለሚመለስ «አይ ሀቭ ራን አውት» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ትክክሉ «አይ ሀቭ ረን አውት» ነው። ይህ አሁን በእጄ የለም ማለት ሲሆን፣ «አይ ራን አውት» ያኔ አለቀብኝ የሚል ወሬ ነው፤ አሜሪካኖች ግን ብዙ ጊዜ ለሁለቱም የኋለኛውን ይጠቀማሉ። «አይም ረኒንግ አውት ኦፍ ፔፐር» ሲባል ወረቀቱ ገና አለ፣ እያለቀ ነው። ይህን «አልቋል» ብሎ የተረዳ ሰው ይሳሳታል።

«ፑት ኦፍ»ን (ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍን) የመሰሉ ግሦች ተውላጠ ስምን መሐላቸው ያስገባሉ፣ «ፑት ኢት ኦፍ» ይባላል። ይህኛው አይከፈልም። «ረን ኢት አውት ኦፍ» የሚባል ነገር የለም፤ «ረን አውት ኦፍ ኢት» ብቻ ነው። ጥያቄ ሲሆንም «ኦፍ» መጨረሻ ላይ ይቆያል፦ «ዋት ሀቭ ዩ ረን አውት ኦፍ?»።

የሚያልቀው ነገር ዕቃ ብቻ አይደለም። ጊዜ፣ ገንዘብ፣ ትዕግሥት፣ ሐሳብ ሁሉ ይገባል። «ማይ ፎን ራን አውት ኦፍ ባተሪ» ከእኛው «ስልኬ ባትሪ ጨረሰ» ጋር በባለቤቱ ይገጥማል፤ አወቃቀሩን ለመያዝ ከዚህ መነሣት ይቀላል። ቪዛ ወይም ውል ሲሆን «ማይ ቪዛ ራን አውት» ማለት ጊዜው አለፈ ነው።

ከ«ዩዝ አፕ» ጋር መምታታት የለበትም። «ሂ ዩዝድ አፕ ዘ ሚልክ» ወተቱን የጨረሰው እሱ ነው ይላል፤ ጣት ይቀስራል። «ዊ ራን አውት ኦፍ ሚልክ» ማንንም አይከስስም። ስለዚህ ወቀሳ ሳያስመስሉ ለመናገር የሚመረጠው ይኸኛው ነው።

ሁለት ወጥመዶች ቀርተዋል። «ሺ ራን አውት ኦፍ ዘ ሀውስ» ከቤት ሮጣ ወጣች ነው እንጂ ቤት አለቀባት አይደለም፤ ከ«ኦፍ» በኋላ ያለው ቦታ ከሆነ ሩጫ ነው። «ኦፍ» በ«ኦን» ሲተካ ደግሞ ትርጉሙ ፈጽሞ ይለወጣል፦ «ሂ ራን አውት ኦን ሂዝ ዋይፍ» ሚስቱን ጥሎ ሄደ ማለት ነው።