የበሽታ መከላከል አቅም ሲዳከም ቫይረስ የሚቀሰቅሰው ሊምፎማ

ሊምፎማ ሊምፎሳይት ከተባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚነሣ ካንሰር ነው። እነዚህ ሴሎች በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ባሉት የሊምፍ ዕጢዎች ብቻ ሳይሆን በጣፊያ፣ በአጥንት መቅኔ፣ በአንጀት ግድግዳና በሌሎችም የአካል ክፍሎች ስለሚገኙ በሽታው ከየትም ሊጀምር ይችላል። የሊምፎማ ዓይነቶች በርካታ ናቸው፤ ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ግን የሰውነት የመከላከል አቅም በኤችአይቪ፣ ከንቅለ ተከላ በኋላ በሚወሰዱ መድኃኒቶች ወይም አብሮ በተወለደ ጉድለት ምክንያት ሲዳከም በቫይረስ አማካይነት የሚነሡትን ነው። ከእነዚህ ቫይረሶች ዋነኛው ኤፕስታይን ባር ሲሆን፣ ከእርሱ ቀጥሎ የሚጠቀሰው የካፖሲ ሳርኮማ ሄርፒስ ቫይረስ ነው። ኤችአይቪ በዋናነት ጉዳት የሚያደርሰው በተዘዋዋሪ መንገድ ነው፤ ካንሰር የሚሆነውን ሴል በቀጥታ ከመለወጥ ይልቅ ሌሎቹን ቫይረሶች የሚቆጣጠረውን አቅም ያዳክማል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኤፕስታይን ባር ቫይረስን በሰውነታቸው ይዘው ይኖራሉ፤ አብዛኞቹም መቼ እንደያዛቸው አያውቁም። ስለዚህ በዚህ ሊምፎማ የታመመ ሰው ከሌላው የሚለየው ቫይረሱ ስለያዘው ሳይሆን ቫይረሱን ለዓመታት ገትቶ የያዘለት አቅም ስለጠፋበት ነው። የምርመራውም ሆነ የሕክምናው ሐሳብ በሙሉ ከዚህ የሚነሣ በመሆኑ ነጥቡን አጥብቆ መያዝ ይገባል። ሕመሙ በምራቅ ወይም በአብሮ መብላት የሚተላለፍ ካንሰር ነው ብሎ ታማሚውን ማግለልም መሠረት የለውም።

ቫይረሱ የተገኘበት መንገድ

ታሪኩ የሚጀምረው ኡጋንዳ ውስጥ ነው። በ1957 በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው አየርላንዳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት፣ ላይኛውም ታችኛውም መንጋጋው በሁለቱም በኩል ያበጠ ሕፃን እንዲያይ ተጠየቀ። ብዙም ሳይቆይ በሌላ ሆስፒታል ተመሳሳይ እብጠት ያለበት ሁለተኛ ሕፃን አጋጠመው፤ ይህንኛውን ሲመረምር በሆዱም ውስጥ ዕጢዎች አገኘ። የሕፃናቱ መንጋጋና የሆዳቸው ውስጥ ዕጢ የአንድ በሽታ መገለጫዎች መሆናቸውን የተረዳው በዚህ ጊዜ ነው። ግኝቱን በ1958 አሳተመ። በ1961 ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በመኪና ተጉዞ በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ ሆስፒታሎችን እየጎበኘ በሽታው የት እንደሚታይና የት እንደማይታይ መዘገበ። በምድር ወገብ አካባቢ በሽታው ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ቦታዎች አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አይታይም ነበር፤ ሥርጭቱም ወባ ከሚበዛባቸው ቆላማና ዝናባማ አካባቢዎች ጋር የሚገጥም ሆኖ ተገኘ። ይህ ምልከታ ለኢትዮጵያ ደጋና ቆላ ነዋሪ እንግዳ አይሆንም፤ የወባ ድንበር በከፍታ እንደሚሰመር የሚታወቅ ነገር ነውና።

በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በርኪት በለንደን ሚድልሴክስ ሆስፒታል ንግግር ሲያደርግ ከአድማጮቹ መካከል አንቶኒ ኤፕስታይን የተባለ ተመራማሪ ነበር። ኤፕስታይን በዶሮዎች ላይ ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ ያጠና ስለነበር፣ ከአየር ንብረት ጋር ሥርጭቱ የሚለዋወጥ ካንሰር መንሥኤው ሕያው ተላላፊ ነገር ሊሆን ይችላል ብሎ ወዲያው ጠረጠረ። የዕጢ ናሙናዎች ከካምፓላ ወደ ለንደን በአውሮፕላን ይላኩለት ጀመር፤ ይሁን እንጂ ለሁለት ዓመት ያህል ምንም አላገኘም። በ1963 መጨረሻ ገደማ አንዱ ናሙና በጉም ምክንያት ወደ ማንቸስተር በተዘዋወረ በረራ ዘግይቶ ደረሰ። ፈሳሹ ደፍርሶ ስለነበር በባክቴሪያ የተበላሸ መሰለ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ያደፈረሱት ከዕጢው ተላቀው የሚንሳፈፉ ሕያዋን ሴሎች ነበሩ። እነዚህን ሴሎች ማራባት ተቻለ። ኤፕስታይን፣ ኢቮን ባርና በርት አቾንግ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቷቸው ከሄርፒስ ወገን የሆነ ቫይረስ በውስጣቸው አዩ፤ በ1964 ይፋ አደረጉት። በሰው ላይ ከካንሰር ጋር የተያያዘ ቫይረስ ሲታወቅ የመጀመሪያው ነበር።

በሴሉ ውስጥ የሚሆነው

ኤፕስታይን ባር የሚተላለፈው በዋናነት በምራቅ ነው። በአፍሪካ አብዛኛው ሰው በሕፃንነቱ፣ ያለ ጎላ ምልክት ይያዛል። ቫይረሱ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመነጩትን ቢ ሴሎች ገጽታቸው ላይ ባለ ተቀባይ አማካይነት ይገባባቸዋል፤ ከገባ በኋላም ወዲያው ሴሉን ከማፍረስ ይልቅ እንዲባዛ የሚያዙ ፕሮቲኖችን ያመነጫል። ከእነዚህ አንዱ ቢ ሴሉ በተፈጥሮው «ተባዛ» የሚል መልእክት የሚቀበልበትን መንገድ አስመስሎ ያለማቋረጥ ክፍት አድርጎ ይይዘዋል። በጤነኛ ሰው ላይ ግን ሌላ ዓይነት ሊምፎሳይት የሆኑት ቲ ሴሎች እነዚህኑ ፕሮቲኖች ለይተው ስለሚያውቋቸው የሚባዙትን ሴሎች ይገድሏቸዋል። የሚተርፉት ቫይረሱ ፕሮቲኖቹን ማምረት አቁሞ በጸጥታ የተደበቀባቸው ጥቂት ሴሎች ናቸው፤ እነርሱም ዕድሜ ልክ አብረው ይኖራሉ።

ቲ ሴሎች ሲሳሱ ይህ ሚዛን ይፈርሳል። በቫይረሱ ትእዛዝ የሚባዙት ሴሎች የሚገታቸው ስለማይኖር ቁጥራቸው ያሻቅባል፤ ሴል በተባዛ ቁጥር ደግሞ በዘር ቅንጣቱ ላይ ስሕተት የመፈጠሩ ዕድል ይጨምራል። መጀመሪያ ከተለያዩ ሴሎች የመነጨ ቅይጥ ብዜት የነበረው፣ ከመካከላቸው አንዱ ራሱን ችሎ ማደግ ሲጀምር ወደ እውነተኛ ሊምፎማ ይለወጣል። በርኪት በሕፃናቱ ላይ ያየውና በስሙ የተጠራው የበርኪት ሊምፎማ ከዚህ ትንሽ ይለያል። በእርሱ ላይ ወሳኙ ክስተት ከ8ኛው ክሮሞዞም የተቆረጠ ሚክ የተባለ ዘረ መል፣ ብዙውን ጊዜ ወደ 14ኛው ክሮሞዞም ተዛውሮ ሴሉን ያለ ዕረፍት እንዲከፋፈል ማድረጉ ነው። ወባ በተደጋጋሚ ሲይዝ ቢ ሴሎችን ስለሚቀሰቅስና የቲ ሴሎችን ቁጥጥር ስለሚያላላ ለዚህ ስሕተት መንገድ እንደሚከፍት ይታመናል። የበርኪት ሊምፎማ ከሰው ካንሰሮች ሁሉ በፍጥነት ከሚያድጉት አንዱ ነው፤ የዕጢው ሴሎች ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለ ጊዜ ውስጥ እጥፍ ስለሚሆኑ የሳምንት መዘግየት እንኳ ትልቅ ትርጉም አለው።

ኤችአይቪ

ኤድስ በ1981 ከታወቀ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በታማሚዎቹ ላይ ያልተለመዱ ሊምፎማዎች መታየት ጀመሩ፤ በ1985 የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥር ማዕከል ፈጣን የቢ ሴል ሊምፎማን ኤድስን ከሚያመለክቱ በሽታዎች መካከል መዘገበው። የሊምፎማው ዓይነት ኤችአይቪ ከሚያጠቃቸው፣ ሲዲ ፎር ከተባሉት የቲ ሴል ዓይነቶች ቁጥር ጋር ይዛመዳል። የበርኪት ሊምፎማ የሲዲ ፎር ቁጥር ገና ብዙ ሳይወርድም ሊመጣ ይችላል። በአንጎል ውስጥ ብቻ የሚነሣው ሊምፎማ ግን በአብዛኛው የሚታየው ቁጥሩ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ50 በታች ሲወርድ ነው፤ በእነዚህ ታማሚዎች ላይም ኤፕስታይን ባር ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይገኛል። በአንጎል ምስል ላይ በጥገኛ ተሕዋስ ከሚመጣው ቶክሶፕላዝሞሲስ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሐኪሞች መጀመሪያ የቶክሶፕላዝሞሲስ መድኃኒት ሰጥተው ሁለት ሳምንት ያህል ለውጥ መኖሩን ያያሉ፤ ለውጥ ከሌለ ሊምፎማን ይጠረጥራሉ።

ሌሎች ሁለት ዓይነቶች በጠበብት ዘንድ ሳይቀር በቀላሉ ይዘነጋሉ። ፕላዝማብላስቲክ ሊምፎማ ብዙውን ጊዜ በድድና በላንቃ ላይ በፍጥነት የሚያድግ እብጠት ሆኖ ስለሚጀምር ታማሚው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጥርስ ሐኪም ነው። ሁለተኛው በሳንባ ሽፋን፣ በልብ ከረጢት ወይም በሆድ ውስጥ ፈሳሽ እያጠራቀመ፣ ብዙ ጊዜ ያለ አንዳች ጠጣር ዕጢ የሚታይ ነው። የዚህኛው መንሥኤ በ1994 በኒው ዮርክ ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር ያገኙት የካፖሲ ሳርኮማ ሄርፒስ ቫይረስ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ኤፕስታይን ባርም በዚያው ሴል ውስጥ አብሮ ይገኛል። የተቀዳው ፈሳሽ ለቲቢ ብቻ ተመርምሮ ከተጣለ በሽታው ሳይታወቅ ይቀራል።

በ1996 የተቀናጀው የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ሲጀመር የአንጎል ሊምፎማ በግልጽ ቀነሰ። በኢትዮጵያ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። የበርኪት ሊምፎማና ሆጅኪን የተባለው ሌላው የሊምፎማ ዓይነት ግን ከሲዲ ፎር ቁጥር ጋር ያላቸው ቁርኝት ላላ ያለ በመሆኑ ያንኑ ያህል አልቀነሱም፤ መድኃኒቱን በአግባቡ በሚወስድ ሰው ላይ የሚወጣ እብጠት «ኤችአይቪው ቁጥጥር ሥር ነው» ተብሎ የማይታለፈው ለዚህ ነው።

ንቅለ ተከላና ሌሎች ምክንያቶች

የተተከለ አካል በሰውነት ተቀባይነት እንዳያጣ የሚሰጡት መድኃኒቶች የሚያዳክሙት በዋናነት ቲ ሴሎችን ነው። ኩላሊት በተተከለላቸው ሰዎች ላይ ሊምፎማ መብዛቱ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተዘግቧል። አደጋው በኩላሊት ዝቅተኛ ሲሆን በአንጀት ንቅለ ተከላ ከፍተኛው ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው ግን ኤፕስታይን ባር ቫይረስ ገና ያልያዘው ሕፃን ቫይረሱን ከያዘ ሰው አካል ሲቀበል ነው። በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2015 የተጀመረ በመሆኑ ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የነገሩን ምንነት ከምንም በላይ ያሳየው በአሜሪካ ሂውስተን የተወለደው ዴቪድ ቬተር ነው። በ1971 ያለ ምንም የመከላከል አቅም ተወልዶ ከጀርም በጸዳ የፕላስቲክ ክፍል ውስጥ ያደገው ይህ ልጅ፣ በ1983 ከእኅቱ የተወሰደ የአጥንት መቅኔ ተሰጠው። በመቅኔው ውስጥ ሳይታወቅ ኤፕስታይን ባር ቫይረስ ነበረበት። እኅቱን ምንም ያላደረጋት ቫይረስ በእርሱ ላይ የቢ ሴል ዕጢዎችን በየአካሉ አብዝቶ በየካቲት 1984 ሕይወቱን ነጠቀው።

በዚያው ዓመት የንቅለ ተከላ ሐኪሙ ቶማስ ስታርዝልና ባልደረቦቹ ተቃራኒውን አሳዩ፤ የማዳከሚያ መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲቆም ከንቅለ ተከላ በኋላ የመጡ ሊምፎማዎች በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ ያለ ኬሞቴራፒ ሟሙ። ለመገጣጠሚያ ሕመም ሜቶትሬክሴት በሚወስዱ ሰዎች ላይ የሚታየው ሊምፎማም አንዳንዴ መድኃኒቱን በማቆም ብቻ ይጠፋል።

ምርመራ

በአገራችን ትልቁ እንቅፋት ቲቢ ነው። የአንገት ንፍፊት፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ለሁለቱም በሽታዎች የጋራ ምልክቶች ናቸው፤ የሊምፍ ዕጢ ቲቢ ደግሞ በኢትዮጵያ በጣም የተለመደ በመሆኑ ሐኪሙ አስቀድሞ እርሱን ማሰቡ ትክክል ነው። ችግሩ ማስረጃ ሳይገኝ መድኃኒት ተጀምሮ ወራት ሲያልፉ ነው። በቲቢ መድኃኒት የማይቀንስ፣ በሳምንታት ውስጥ በግልጽ የሚያድግ ወይም በአንድ ወገን ብቻ ገዝፎ የሚወጣ እብጠት ናሙና ሊወሰድለት ይገባል። በቀጭን መርፌ የሚቀዳው ናሙና ቲቢን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ የሊምፎማን ዓይነት ለመለየት ግን የዕጢው አወቃቀር መታየት ስላለበት ከተቻለ ሙሉው ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ለፓቶሎጂስት መቅረብ አለበት። ከዚያ በኋላ የሴሉን ማንነት የሚለዩ ልዩ ማቅለሚያዎችና የኤፕስታይን ባርን አሻራ በራሱ በዕጢው ሴል ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ ይደረጋሉ። በደም ውስጥ የቫይረሱ ፀረ እንግዳ አካል መገኘቱ ብቻውን የሚያስረዳው ነገር የለም፤ አብዛኛው ሰው አለውና።

እዚህ ላይ ለብዙ ታማሚዎች ጊዜ ያጠፋ አንድ ነገር አለ። ናሙና ከመወሰዱ በፊት እብጠቱን ለማስታገስ ወይም የትንፋሽ ማጠሩን ለማቅለል እንደ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ መድኃኒት ከተሰጠ ሊምፎማው ለጊዜው ይሟሟል። ታማሚው የተሻለው ይመስለዋል፤ ከዚያ የሚወሰደው ናሙና የሞቱ ሴሎችን ብቻ ያሳያል፤ በሽታው ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ሲመጣም ፍለጋው እንደ አዲስ ይጀመራል። ሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ሁኔታ ከሌለ በቀር ናሙናው ይቀድማል።

ሕክምና

ሕክምናው ዕጢውን ማጥፋትንና የጠፋውን ቁጥጥር መመለስን አንድ ላይ ይይዛል። ኤችአይቪ ላለበት ታማሚ ኬሞቴራፒና የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ጎን ለጎን ይሰጣሉ፤ ንቅለ ተከላ ለተደረገለት ደግሞ የማዳከሚያው መጠን የተተከለው አካል ሊሸከመው እስከሚችል ድረስ ይቀነሳል። ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት በቢ ሴሎች ገጽ ላይ ያለውን ሲዲ 20 የተባለ ምልክት ስለሚያጠቃ ብዙዎቹን ሊምፎማዎች ይረዳል፤ ፕላዝማብላስቲኩና ፈሳሽ የሚያጠራቅመው ዓይነት ግን ይህ ምልክት በአብዛኛው ስለሌላቸው ጥቅሙ አይደርሳቸውም። ሪቱክሲማብ ተደብቆ የኖረ ሄፓታይተስ ቢን ክፉኛ ሊቀሰቅስ ስለሚችል አስቀድሞ መመርመር ግዴታ ነው። በበርኪት ሕክምና የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሳቸው አደገኛ ናቸው፤ በአንድ ጊዜ የሚሞቱት እጅግ ብዙ ሴሎች ፖታሲየምና ዩሪክ አሲድ ወደ ደም ስለሚያፈሱ ኩላሊት እንዳይዝል ብዙ ፈሳሽና ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰው አሎፑሪኖል ከኬሞቴራፒው በፊት ይጀመራሉ።

ለተለመደው ሕክምና አልበገር ላሉት፣ ከጤነኛ ለጋሽ የተወሰዱና ኤፕስታይን ባርን ለይተው እንዲያጠቁ በቤተ ሙከራ የተዘጋጁ ቲ ሴሎችን መስጠት ተችሏል። ታቤሌክሉሴል የተባለው የዚህ ዓይነት ሕክምና በታኅሣሥ 2022 በአውሮፓ ኅብረት ከንቅለ ተከላ በኋላ ለሚመጣው ሊምፎማ ተፈቅዷል። ቫይረሱን አስቀድሞ የሚከላከል ክትባት ገና በሙከራ ላይ ስለሆነ፣ በንቅለ ተከላ ማዕከላት የሚሠራበት መከላከያ በደም ውስጥ ያለውን የቫይረሱን መጠን በየጊዜው እየለኩ ከፍ ሲል የማዳከሚያ መድኃኒቱን ቀድሞ መቀነስ ነው።